ፊታውራሪ ኮር አይ ሰቨን

በኛ ገበያ ኮምፒውተር የሚሸጠው በማዕረግ ነው። «ኮር አይ ሰቨን ነው!» ከተባለ በኋላ «የስንት ዓመት?» ብሎ መጠየቅ ፊታውራሪን ዕድሜ እንደመጠየቅ ነውር ነው። ኮር አይ ስሪ በአንጻሩ ትናንት ከፋብሪካ ቢወጣም ወንበር የሚለቅለት የለም።

የእህቴ ልጅ ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር ሊገዛ ፈልጎ «ጋሼ፣ አንተ ካለህ አይወደድብኝም» አለኝና መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ወጣን። ሽበት ዋጋ ያስቀንሳል ብሎ የሚያምን ወጣት መኖሩ ደስ ይላል።

ሻጩ ሁለት አቀረበልን። አንደኛው ከአውሮፓ ቢሮ ጡረታ ወጥቶ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. የ2017 ሥሪት የሆነ ኮር አይ 7-7700 ነው። ሁለተኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ ኮር አይ 3-12100፣ የ2022 ሥሪት። ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ አላቸው። ጣሪያቸው ያኛው 4.2፣ ይሄኛው 4.3 ጊጋኸርዝ።

«አየህ፣ እኩል ናቸው፤ አይ ሰቨኑ ግን አይ ሰቨን ነው» አለ ሻጩ። ለዚህ ሎጂክ መልስ የለኝም።

ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ እንጂ በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚጨርስ አይናገርም። አዲሱ በአንድ ምት የሚጨርሰው ከአሮጌው በግልጽ ይበልጣል፤ ካሹም 12 ሜጋባይት ነው፣ የአሮጌው 8። ጌም የሚወደው ይህንኑ ነው። ሻጩ ግን ዝም አላለም። «ኮር ከሆነ የምትፈልጉት፣ 14 ኮር ያለው የሰርቨር ዚዮን አለኝ!» የልጁ ዓይን በራ። ብዙው ጌም ከ14ቱ ጥቂቶቹን አሠርቶ የቀሩትን ቁጭ ብለው እንዲያዩ እንደሚተዋቸው እስካስረዳው ድረስ ላብ አጠመቀኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኤክሴል ብቻ ነው የተሠራበት» አለ ሻጩ፣ አሮጌውን እየደባበሰ። እውነት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ፕሮሰሰር በቀላሉ አይሞትም፤ ቀድሞ የሚሞተው ማዘርቦርዱ ነው። አሮጌውን ፕሮሰሰር የሚቀበለው ቦርድ ደግሞ ዛሬ እንደልብ አይገኝም። ክዳኑን ስናነሣው ፓወር ሰፕላዩ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ የለውም፣ ሳጥኑም ከድንክ ካርድ በቀር አያስገባም። ዊንዶውስ 11 እንደሆነ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ያም ሆኖ ያገለገለ ነገር ጠላት አይደለሁም። ጂቲኤ ፋይቭን ብቻ በ60 ኸርዝ ሞኒተር ለሚጫወት ሰው አሮጌው ይበቃዋል፤ ሞኒተሩ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል ስለማያሳይ ትርፉ ሙቀት ነው። አዲሱን ለመግዛት ሲባል የግራፊክስ ካርዱ ገንዘብ የሚያልቅ ከሆነም አሮጌው ይሻላል። የኛ ልጅ ግን የሚያመሸው ቫሎራንት ላይ ነው፣ ሞኒተሩም 144 ኸርዝ ነው፤ ለካርዱ ደግሞ እናቱ ቆርጣለች።

«ጓደኞቼ "አይ ስንት ነው?" ቢሉኝስ?» አለኝ በሹክሹክታ። እዚያው የአይ ስሪው ቦርድ ላይ ወደፊት ፕሮሰሰሩን እስከ 14ኛ ጄኔሬሽን ድረስ መቀየር እንደሚቻል ነገርኩት። «ያኔ ትሾማለህ» አልኩት። አልሳቀም።

ከብዙ ክርክር በኋላ አይ ስሪውን ገዛን። ልንወጣ ስንል ልጁ ወደ አሮጌው ሳጥን ተመለሰና ጥጉ የተላጠችውን ሰማያዊ የአይ ሰቨን ስቲከር በጣቱ አመለከተ።

«ይቺን ለብቻዋ ትሸጥልኛለህ?»

ሻጩ እኔን አየ፣ ልጁን አየ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀስ አድርጎ እየፈነቀላት «ሁለት መቶ ብር» አለ።

ልጁ ሳይከራከር ከፈለ።