ይድረስ፦ ጀበናን በአንድ ሌሊት ለሚያስረጁት ነጋዴ

ከጎልቦ፣ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል

ጉዳዩ፦ 150 ዓመት ሞልቶታል ስለተባለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቻናልዎ የለጠፉትን ዕቃ ከጎረቤቶቼ ጋር ተሰብስበን በአድናቆት ተመልክተነዋል። “ብርቅ! ጥንታዊ የቦረና የሸክላ የሻይ ማንቆርቆሪያ፤ ከሞያሌ ንጉሣውያን ቤተሰብ የተገኘ፤ 150 ዓመት ያገለገለ፤ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ዋጋ በኢንቦክስ።” ለከተማችን ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ማስታወቂያ ስለለገሷት ላመሰግንዎ ብዕር ሳነሣ፣ አንዲት ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አየችና “ይሄ እኮ ጀበና ነው!” አለች።

ጀበና ነው። ማቶቱ እንኳ ከሥሩ አልተነሣም። ለምን ማንቆርቆሪያ እንዳሉት ግን ይገባኛል። ባሕር ማዶ ያለው ሰብሳቢ የሚያስሰው “ጥንታዊ የሻይ ዕቃ” እያለ ነው። “ጀበና” ብሎ የሚያስስ ሰው እናቱ ቤት ያየው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ይነቃብዎታል።

እስቲ እንተሳሰብ። 150 ዓመት ወደ ኋላ ስንቆጥር 1870ዎቹ ላይ እንደርሳለን (ዓመቶቹን እርስዎን ላለማስቸገር በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ)። ያኔ የእኔን ሰፈር ከወዲያኛው የሚለይ ድንበር አልነበረም፤ እንግሊዝና አፄ ምኒልክ በዚህ ወሰን የተስማሙት በ1907 ነው። ኬንያ ውስጥ ሻይ ሊሙሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በ1903 ነው። ስለዚህ ማንቆርቆሪያዎ ሠላሳ ዓመት ያህል ሻይ እስኪመጣለት አፉን ከፍቶ ጠብቋል ማለት ነው። ቅጠሉ ከባሕር ዳርቻ በግመል ይመጣ ነበር ካሉኝ አልከራከርም። ዛሬ በእኛ በኩል ሻይ ከወተት ጋር ሱፉሪያ በምንለው ድስት ይንተከተካል፣ ከዚያ ፔርሙስ ውስጥ ይገባል። በጀበና ሻይ አፍልቶ እንግዳ የሚቀበል ሰው በሰፈራችን ቢገኝ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ይመስለኛል።

“የቦረና” የሚለው ደግሞ ይባስ። ቦረና ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ነው። የወተት ዕቃው ከሥርና ከቃጫ ጠብቆ የተሰፋ፣ በጢስ የታጠነ ነው፤ ከግመል ላይ ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ አይሰበርም። ቡናውንም ቢሆን ፍሬውን ከነገለፈቱ በቅቤ እየጠበሰ የሚበላ ሕዝብ ነው። “ንጉሣውያን ቤተሰብ” ያሉትን ስናነብማ ሽማግሌዎቹ ለደቂቃዎች ሳቁ። ቦረና በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያስረክባል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2016 በመዝገቡ ሲያሰፍረው እርስዎ ገበያ ላይ ነበሩ መሰለኝ። ንጉሥ ለሌለው ሕዝብ የቤተ መንግሥት የሻይ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም።

በቻናልዎ ወደ ታች ስወርድ ደግሞ “የአፄ ፋሲል የቡና ጀበና” አገኘሁ። ፋሲል ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩ ንጉሥ ናቸው። በክርስቲያኑ ደጋ ቡና ለዘመናት ሲነወር ኖሮ በይፋ መጠጣት የተለመደው በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ፋሲል ቡና ጠጥተው ከሆነ በድብቅ ነው፤ በድብቅ የሚጠጣ ንጉሥ ደግሞ ጀበናውን ለልጅ ልጅ አያወርስም።

አሁን ወደ ሙያዎ ልምጣ፤ ሙያማ አለዎት። ከገበያ አዲስ ጀበና ይገዛሉ። የጫማ ቀለም ያሹታል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያጠጡታል፤ በጭስ ያጥኑታል፤ ጥቂት ቀን አፈር ውስጥ ይቀብሩታል፤ በመጨረሻም አፉን በድንጋይ ሸርፈው ያወጡታል። እኛ አዲስ ጀበና ስንገዛ እናሟሸዋለን፣ ቡና እንዲያፈላ። እርስዎ የሚያሟሹት ዶላር እንዲያፈላ ነው።

ችግሩ፣ እውነተኛ እርጅና ያዳላል። ጥላሸት የሚከብደው ፍም ከሚያገኘው ከታችኛው ሆድ ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ከቂጥ እስከ አንገት እኩል አዳርሰውታል። ጆሮው የብዙ ሰው እጅ የነካው ቢሆን ኖሮ ይለሰልስና ይወዛ ነበር፤ የእርስዎ ጀበና ጆሮ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ለዓመታት ማቶት ላይ የተቀመጠ ጀበና ከታች የመቀመጫው ፈለግ ይታይበታል፤ የእርስዎ ጀበና ቂጥ ግን ትናንት ከእሳት የወጣ ሳይሆን አይቀርም። የድሮ ሽራፊ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ቀለሙም ከቀረው ገላ ጋር ይቀራረባል፤ የእርስዎ ሽራፊ ግን ውስጡ ገና ንጹሕ ገል ነው፤ መቶ ሃምሳ ዓመት ኖሮ በዚህ ሳምንት ቆሰለ። ከሁሉም በላይ ሆዱ አለ። ቡና ሲያፈላ የኖረ ጀበና ውስጡን ቡናው ለብሶታል፤ ሙቅ ውኃ ቢጨመርበት ቡና ቡና ይሸታል። የእርስዎ ጋራዥ ጋራዥ ሳይሸት አይቀርም።

ሽታ በኢንተርኔት አይላክም፤ ሥራዎም የቆመው በዚህ ላይ ነው። እኛም ስለዚህ ወደ ፎቶዎ ተመለስን። ሦስት ፎቶ ለጥፈዋል፣ ሦስቱም ከአንድ ጎን፣ በመብራት። ቂጡን አላሳዩም። ውስጡን አላሳዩም። ቁመቱን አልጻፉም። “ውስጡን አሳዩን” ብሎ የጠየቀው ሰው ኮሜንቱ ከሰዓታት በኋላ ጠፋ፤ ብዙ ሳይቆይ እሱም ከቻናሉ ጠፋ። ያንኑ ፎቶ ሌላ ቻናል ላይ “ከየመን” ተብሎ አግኝተነዋል፤ ጥላው እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንደኛው ዕቃዎ ላይ ደግሞ ከአፍ እስከ ቂጥ ቀጥ ብላ የምትወርድ ቀጭን መስመር አለች። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች እያለሰለሰች ታነሣዋለች፤ የሚሽከረከር መሣሪያ እንኳ አትጠቀምም። ያቺ መስመር የሁለት ቅርጽ ማውጫዎች መገጣጠሚያ ናት።

“ቤተ ሙከራ ይመርመረው” የሚል ደፋር ገዢ ቢመጣ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ቴርሞሉሚነሰንስ የሚባል ምርመራ አለ። ሸክላ ከተተኮሰ ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ያጠራቀመውን የጨረር ጉልበት አሙቆ በብርሃን መልክ ይለካል። ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ትኩሳት ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል። የእርስዎን ጀበና ቢመረምሩት ሰዓቱ ገና መቁጠር አልጀመረም። ምርመራው ግን ከእውነተኛው የጀበና ዋጋ እጅግ የበለጠ ስለሚያስወጣ ማንም እንደማይሞክረው ያውቃሉ። በዚህስ ብልህ ነዎት።

በዓለም ላይ ብቸኛው እርስዎ እንዳልሆኑ ሳልነግርዎ ባልፍ ደግሞ አይገባም። ቻይና ውስጥ ዪሺንግ የሚባል፣ በሐምራዊ ጭቃው የታወቀ የሻይ ማንቆርቆሪያ አገር አለ። በ1930ዎቹ የሻንጋይ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች የጥንቱን ሊቃውንት ሥራ እንዲያስመስሉላቸው የዪሺንግን ጎበዝ ወጣቶች ቀጥረው ነበር። ከእነሱ አንዱ ጉ ጂንግዦው ይባላል፣ ከ1915 እስከ 1996 የኖረ። ቆይቶ እሱ ራሱ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ ዛሬ ማኅተሙ ያለበት ማንቆርቆሪያ በሚሊዮን ዩዋን ይጫረታል፣ የእሱንም ማኅተም የሚያስመስል ሞልቷል። ልዩነቱን ልብ ይበሉልኝ። የሻንጋዮቹ ነጋዴዎች ለማጭበርበር እንኳ የተካነ እጅ ፈልገው፣ ከፍለው ቀጠሩ። እርስዎ የቀጠሩት የጫማ ቀለም ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ሕጉ። በ2000 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ይከለክላል። አሮጌ የሚመስል ዕቃ ይዞ የሚወጣ መንገደኛ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ጀበናዎ የእውነት 150 ዓመት ከሆነው፣ በሞያሌ ኬላ ማሳለፍዎ ወንጀል ነው። ወረቀት አግኝቶ ካለፈ ደግሞ “ይህ ቅርስ አይደለም” የሚል የመንግሥት ማኅተም ያለበት ማስረጃ በእጅዎ አለ። ሁለቱን መንግሥታት ያስተሳሰረው የጋራ ኬላ በ2020 ተመርቆልናል፤ እርስዎ በየትኛው መስኮት እንደተሰለፉ ቢነግሩን ደስ ይለናል። “ሌባ ነዎት ወይስ ውሸታም?” ብዬ በቀጥታ መጠየቅ ነውር ስለሚሆንብኝ ነው በአዋጅ ቁጥር የዞርኩት።

እውነተኛ የጥንት ዕቃ እንዴት እንደሚናገር ማየት ከፈለጉ፣ በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ቀርበው የነበሩትን የቀንድ ዋንጫዎች ያስታውሱ። ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። የወሰዳቸው መኮንን ስም ይታወቅ ነበር፤ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሲጠይቅ ከጨረታው ወጡ። ዝርፊያ እንኳ መዝገብ ነበረው። የሌሎቹ ጀበናዎችዎ መዝገብ ግን “ከአያቴ” የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጀበና የሚያወርሱ እኒያ አያት ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን የፈረንጁ ዶላር አይደለም፤ እሱ ለራሱ ይጠንቀቅ። ጀበናውን የሠራችው ሴት አለች። ኮንሶ ትሁን ቀጨኔ፣ ጎንደር ወለቃ ትሁን ሌላ ቦታ፣ ጭቃውን ቆፍራ፣ ወቅጣ፣ አቡክታ፣ በገለባና በኩበት ተኩሳ በጥቂት መቶ ብር ሸጠችልዎ። በብዙው አገራችን ሸክላ ሠሪ ስትባል “ቡዳ” ተብላ፣ ማዕድ ተነፍጋ፣ በጋብቻ ተገልላ ኖራለች። እጇ የሠራውን እየጠጣን ዓይኗን የፈራን እኛ ነን። አሁን ደግሞ እርስዎ መጥተው ያንኑ ሥራ እሷ የሠራችው ካልሆነ ዋጋ ያወጣል አሉ። ቀጥ ያለ አንገት፣ ያልተንጋደደ ሆድ፣ ጠብ የማያደርግ አፍ፣ ይህ ሁሉ አዲስ ሲሆን ርካሽ ነው፤ የሞተር ዘይት ሲቀባ ውድ ይሆናል። የጀበናውን ዕድሜ ሲጨምሩ የሷን ዕድሜ አጠፉት፤ 150 ዓመት የሞላው ዕቃ ሠሪዋ ከሞተች ቆይታለችና።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የሚቀጥለውን ጀበና ሲለጥፉ “አዲስ፣ በእጅ የተሠራ፣ በዚህ ዓመት” ብለው ይጻፉ። ቂጡንም፣ ውስጡንም፣ ጆሮውንም በፀሐይ ብርሃን፣ ማስመሪያ ከጎኑ አድርገው ፎቶ ያንሡ። የሠራችውን ሰው ስም ከሥሩ ይጻፉ። ዋጋውንም እዚያው በአደባባይ፤ በኢንቦክስ የሚነገር ዋጋ በሰፈራችን ሚስት ስትታጭ እንኳ ቀርቷል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጎልቦ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ፣ በሁለቱም መስኮት
ለየመኑ ቻናል ባለቤት፣ ፎቶውን ስለሚጋሩ
ለአያትዎ
ለሸክላ ሠሪዋ፣ ስሟን ሲጠይቁልን የሚላክ