ፊደል ብዬ ሄጄ ፍየል

ቁም ጽሕፈት መማር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ፍየል ያስፈልገዋል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። እኔ በሐሳቤ የሣልኩት መቃ ብዕር፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ እያደርም ከገጹ ራስ ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ ነበር። የኔታ ግን መራዊ ካለው ደጃቸው ተቀምጠው ካዳመጡኝ በኋላ «ፊደሉስ ይደርሳል፤ እስቲ ቆዳ አምጣ» አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ በኮምፒውተር «ኒያላ» በሚባለው የፊደል ቅርጽ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ኒያላውን ፋቅ ያለኝ ሰው የለም።

ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በጠፍር ተወጥሮ ከአንዱ ወገን ሥጋና ስቡ፣ ከሌላው ጠጉሩ ይፋቃል። በድንጋይ ይታሻል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይፋቃል። ሽታውን ጎረቤቶቼ ከእኔ የበለጠ ይገልጹታል። አራጁ ሲገፍፍ ቢላዋው አምልጦት ከሆነ ደግሞ ያቺ ጭረት ሲወጠር ተከፍታ ዐይን ታክላለች። የድሮ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ይሰፉታል፤ ካልሆነም ዙሪያውን እየጻፉ ያልፉታል። በጥንት መጽሐፍ ላይ ቃል መሀል ላይ ዘሎ ብታዩት ምሥጢር አትፈልጉበት፤ የአራጁ ጥድፊያ ነው።

ቀለሙም ሱቅ አይገኝም። ከድስት ቂጥ የተጠረገ ጥላሸት ከአረረ እህል ጋር ይወቀጥና ውኃ ገብቶበት ለወራት ይብላላል። የቆጋ ግድብ የሚያጠጣቸው የመራዊ ገበሬዎች በበጋም ሲያመርቱ እኔ አንዲት ቀንድ ቀለም እጠብቃለሁ። ጥበቃው ግን ከንቱ አይደለም። ጥላሸት ፀሐይም ዘመንም አያደበዝዘውም፤ ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል ያለው ወንጌል 600 ዓመት ያህል ሆኖታል፣ ዛሬም ይነበባል። የእኔ የባንክ ደረሰኝ ከኪሴ ሳይወጣ ይጠፋል።

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የግዕዝ ዳዊት እንዳሳተመ ለየኔታ ነገርኳቸው፤ ድካማችንን የሚያሳጥር መስሎኝ ነው። «ብራናው የምን ነበር?» አሉኝ። ወረቀት ነው ስላቸው ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ።

ጽሕፈቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ለጊዜው በወረቀት። ጠረጴዛ የለም፣ የሚጻፈው ጉልበት ላይ ነው። ብራና ላይ ሲሆን መስመሩ እንኳ በቀለም አይሰመርም፤ ወስፌ ተጭኖ የሚያልፍበት ስርጉድ ብቻ ነው። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን መውጣት አለበት። ግዕዝ 26 ፊደል በሰባት ሲባዛ 182፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ 202 ይሆናል። እኔ ገና «ሐ» ላይ ነኝ። ሦስት እግሮቿ አይስማሙም፦ አንዱ ወደ ባህር ዳር፣ አንዱ ወደ ዱርቤቴ ያቀናል፤ መሀለኛው ብቻ መራዊ ቀርቷል። የኔታ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና «ትሂድ፣ አትከልክላት» አሉ።

የተወጠረውን ቆዳ፣ መሬት ላይ የተተከለውን ቀንድና ጥላሸቱን ያዩት ጎረቤቴ ደግሞ የራሳቸው ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። አንድ ማለዳ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው «የኔ ጌታ፣ ላሜ ወተት ነስታኛለች፤ እስቲ አንድ ነገር ክተብልኝ» አሉኝ። ገና ሐ ላይ መሆኔን ብነግራቸው «እሷው ትበቃለች» አሉ።

ቀይ ቀለም አልተፈቀደልኝም። የራሱ ብዕር አለው፤ የእመቤታችን፣ የቅዱሳንና የመጽሐፉ ባለቤት ስም ይጻፍበታል። የባለቤቱ ነገር ግን ያስቃል፦ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ (ሲሰረቅም ያው ነው) አዲሱ ሰው የፊተኛውን ስም በቢላዋ ፍቆ የራሱን ያስገባል። ጸሎቱ ያው ነው፣ ጸሎተኛው ተቀያየረ፤ ላይ ቤት የትኛው እንደተመዘገበ እንጃ።

እንግዲህ የመራዊ ሰዎች፣ ለበዓል ፍየል የምታርዱ ሁሉ፦ ዋጋ አጣ ብላችሁ ቆዳውን ቦይ ውስጥ አትጣሉት፤ ደጃችሁ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ። ብቻ አራጁን ሲገፍፍ ቀስ እንዲል ንገሩልኝ።