በሰሜን ሸዋ የፊርማ አደን፦ መነሻ ጥናት

ፈረንጅ አገር አንድ የታወቀ ጉባኤ አለ። ስለ ጠፈርና ስለ መጪው ዘመን የሚተርኩ ፊልሞችን የሚወዱ ሰዎች ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ተዋንያኑ ጠረጴዛ ይሰጣቸውና ይቀመጣሉ፤ አድናቂዎቻቸው ለሰዓታት ተሰልፈው፣ ከፍለው፣ ፎቶግራፍ ላይ ያስፈርማሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 1972 የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች ኒው ዮርክ ላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲጠሩ አዘጋጆቹ የጠበቁት ጥቂት መቶ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ከ3000 በላይ ሆነ። ዛሬ ነገሩ ትልቅ ንግድ ነው። የአንድ ፊርማ ዋጋ እንደ ፈራሚው ዝና ከጥቂት አሥር ዶላር ተነሥቶ መቶዎችን ይሻገራል።

ይህ ጉባኤ ሰሜን ሸዋ አልደረሰም የሚለው አስተያየት ግን ስሕተት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን ሳይሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት ሲቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ይካሄዳል። እስካሁን ሳይመዘገብ የቀረው ተሳታፊዎቹ ራሳቸውን «ባለጉዳይ» እንጂ «አድናቂ» ብለው ስለማይጠሩ ብቻ ነው። ሰልፍ አለ፤ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ሁሉም የሚናፍቀው፣ ጥቂቶች ብቻ በዓይናቸው ያዩት ሰው አለ፤ ቢያንስ ወንበሩ አለ። ለዚህ ጥናት ይህ በቂ ትርጓሜ ነው።

ከተማዋም ብትሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ነው፤ የሃሌ ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1456 መታየቱን ጠቅሰው ሁለቱን የሚያገናኙ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። ከሰማይ በታየ ነገር የተመሠረተ ከተማ ከማንም ቀድሞ የጠፈር ወዳጆች ጉባኤ ማዘጋጀት ይገባው ነበር። በፊልም በኩልም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃውና ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚሆነውን የሚተርክ ፊልም ነው፤ ዝገት የበላት የጠፈር መርከብም ሰማይ ላይ ቆማበታለች። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «አድ አስትራ» ላይ ከብራድ ፒት ጋር ታይታለች። ሆኖም የጥናታችን ጉዳይ ተዋናይ ሳይሆን ፈራሚ ስለሆነ ሁለቱንም በአክብሮት እናልፋቸዋለን።

ጥናቱ የተካሄደው በመቀመጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች፣ ከጠዋቱ 2፡30 በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አመድ ያስመስለዋል። አግዳሚው ወንበር ሲሚንቶ ነው። የመንዝ ባና የደረበ የተሻለ መረጃ ይሰበስባል፤ ያልደረበ ወደ መደምደሚያው ይቸኩላል።

በፈረንጆቹ ጉባኤ ሰው የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ይመጣል። እዚህም እንዲሁ ነው። ከረቫት አስሮ፣ ፎልደር ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ማንንም ሳያይ በፍጥነት የሚራመደው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ የለበሰ ነው፤ ጥበቃው ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰው ዘንግ የያዙት ደግሞ የአገር ሽማግሌን ገጸ ባሕርይ ይዘው ቀርበዋል፤ እሳቸው ግን እውነትም የአገር ሽማግሌ ስለሆኑ ከውድድር ውጪ ናቸው።

የጉባኤው ቁልፍ ሰው ጸሐፊዋ ናት። ፈረንጆቹ ዘንድ ከተዋናዩ ጎን ቆማ ገንዘብ የምትቀበልና ሰልፉን የምታስተናብር ረዳት አለች፤ የኛዋ ገንዘብ ባትቀበልም እውቀቷ ግን ከዚያች ረዳት ይበልጣል። ገብተዋል፣ ወጥተዋል፣ መጡ ማለት ነው፣ አሁን እዚህ ነበሩ የሚሉትን አራት የህልውና ዓይነቶች ለይታ ታውቃለች። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የተደረገውን ውይይት ለሳይንስ ጥቅም ሲባል እንዳለ እናቀርበዋለን።

«እማማ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«የኔ ልጅ፣ ኮታቸው እኮ ወንበራቸው ላይ ነው።»

«ኮታቸው አለ። እሳቸው ናቸው የሌሉት።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ ስብሰባ ያለ ኮት ይኬዳል?»

ጸሐፊዋ ስልክ አነሣች።

የእማማ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። በ«ስታር ትሬክ» ውስጥ ሰው በብርሃን ጨረር ተበትኖ ሌላ ቦታ ላይ ይገጣጠማል፤ ዘዴው የተፈለሰፈው መርከቧ ስታርፍ መቅረጹ ለተከታታይ ፊልሙ በጀት ውድ ስለነበረ ነው። እዚያ ግን ሰውየው ከነልብሱ ነው የሚጓዘው። ኮትን ወንበር ላይ ትቶ ባለቤቱን ብቻ ማጓጓዝ በየትኛውም የጠፈር ፊልም ላይ አልታየም፤ በየቢሮው ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የኔ መላምት ሁለት ኮት አለ የሚል ነው፤ አንዱ የሚለበስ፣ አንዱ ሥራ ላይ ያለ። ሥራ ላይ ያለው ኮት ሰዓት አክባሪ ነው፤ ጠዋት ቀድሞ ይገባል፤ ማታ አያመሽም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የመፈረም ሥልጣን አለመሰጠቱ ግን ግልጽ የአሠራር ክፍተት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። «ስታር ዎርስ» ላይ ጥቁር ጭንብል ለብሶ የሚያስፈራራው ዳርት ቬደር አንድ ሰው ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ገላው የክብደት አንሺው የዴቪድ ፕራውስ ነው፤ ድምፁ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ጭንብሉ ሲወልቅ ደግሞ ፊቱ የሰባስቲያን ሾው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዳርት ቬደርን ሙሉ ለሙሉ አስፈርሜያለሁ ለማለት ሦስት ሰው ዘንድ መሰለፍ ግድ ነበር። ይህን ሲሰማ ፈረንጁ ይገረማል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን መሸኛ ያወጣ ማንም ሰው አይገረምም፤ አንድ ደብዳቤም ሦስት ነውና። ፊርማው ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ማኅተሙ ማኅተም ያዟ ዘንድ ነው፤ ቁጥሩና ቀኑ መዝገብ ቤት ነው። ፊርማ ኖሮት ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ድምፅ የሌለው ቬደር ማለት ነው፤ ቆሟል፣ ግን ማንም አይሰማውም። ማኅተም ኖሮት ቁጥር የሌለው ደግሞ ጭራሽ አልተወለደም። ሦስቱም በአንድ ቀን አንድ ሕንፃ ውስጥ የተገኙበት ጊዜ አለ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ኃላፊው ሲገኙ ማኅተም ያዟ ልቅሶ ሄዳለች፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍም አብሯት ለቀስተኛ ነው።

ይህ ክፍፍል የዘመናችን ፈጠራ እንዳይመስል። ነገሥታቱ በደብዳቤያቸው ግርጌ ከመፈረም ይልቅ ከአናቱ ላይ ማኅተማቸውን ማሳረፍ ይመርጡ ነበር። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ከነገሡ በኋላም ማኅተሙን የሚይዘው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር፤ ታሪካቸውን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ስለዚህ ፊርማ አንድ ቦታ፣ ማኅተም ሌላ ቦታ የሚለው ሥርዓት ከቤተ መንግሥት ወደ ቀበሌ የወረደ ቅርስ ነው፤ እንደ ቅርስም ማንም እንዳይነካው ይጠበቃል።

በሰሜን ሸዋ የመጀመሪያው የፊርማ አሳዳጅ ማን ነው ለሚለው ደግሞ እጩ አለኝ፤ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል እንዲፈራረም ከቦምቤይ የተላከ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1841 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሐምሌ የሸዋ ድንበር ደረሰ። ከዚያ ሰልፉ ጀመረ። ድንበሩን የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ የእንግዳውን ጓዝ እኔ ልያዝ አሉ፤ ንጉሡ እስኪፈቅዱ ድረስም ወደ አንኮበር አትወጣም ተባለ። አንኮበር አናቱ ላይ ተሰቅላ ትታያለች፤ እሱ ግን ከገደሉ ሥር ከዓሊዩ አምባ ገበያ አጠገብ ቁጭ አለ። ስብሰባ ላይ ናቸው መባሉ በጽሑፍ አልተመዘገበም።

ዝግጅቱ ግን የሚያስቀና ነበር። ዛሬ ሰው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የመታወቂያ ኮፒ ይዞ ይመጣል፤ ሃሪስ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ሻልና ምንጣፍ ይዞ መጣ። ፎቶ ማንሣት ገና ስላልተስፋፋ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ሠዓሊ አስከትሏል። ውሉ የተፈረመው በኅዳር ነው፤ ከታጁራ ከተነሣ አምስት ወር ተኩል አለፈው ማለት ነው። ይህን ለአንድ የደብረ ብርሃን ባለጉዳይ ብነግረው «ባንዴ ጨረሰ?» አለኝ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር እ.ኤ.አ. በ1843 ለአገሩ ሌላ ውል አስፈረመ፤ አንድ አድናቂ ካገኘ ሌላውም መቅናቱ የትም ያለ ነው። ውሎቹ የታሰበውን ያህል ንግድ አላመጡም። ሃሪስ ግን አገሩ ገብቶ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1844 «ሰር» ተባለ። ከሰሜን ሸዋ ፊርማ አግኝቶ ማዕረግ የጨመረ ሌላ ባለጉዳይ አላውቅም።

በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። በ«ስታር ዎርስ» ውስጥ አዛውንቱን ጠቢብ ሆኖ የተወነው ሰር አሌክ ጊነስ አንድ ልጅ ፊልሙን ከመቶ ጊዜ በላይ አየሁት ሲለው፣ ዳግመኛ እንዳታየው ብሎ ልጁን እንዳስለቀሰው ራሱ ተርኳል። የኛ ፈራሚ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለበትም። እንዲያውም ደግመህ ና ነው የሚለው። ነገ ተመለሱ፣ ሰኞ ብቅ በሉ፣ ከበዓል በኋላ አስታውሱኝ ይላል፤ ከሰው ላለመለያየት የሚያደርገው ጥረት ሌላ የትም አልታየም።

ዋናው ልዩነት ዋጋው ላይ ነው። ፈረንጅ አገር ተዋናዩ ሲሞት ፊርማው ይወደዳል፤ ከእንግዲህ አይፈርምማ። እዚህ ግን ፈራሚው መሞትም አያስፈልገው፤ ከተዛወረ በቂ ነው። ዝውውሩ በወጣ ማግሥት የፊርማ ናሙናው ይቀየራል፤ ትናንት ወርቅ የነበረው ወረቀት ዛሬ «ይህ የማን ፊርማ ነው?» ይባላል።

እማማ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከመቀነታቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡና ጉልበታቸው ላይ ፈቱት። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ክምር አለ፤ በእጥፋቱ በኩል በፕላስተር የተለጠፈ የደርግ ዘመን የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ በኋላ ከሌላ ቀበሌ ጋር የተዋሐደ ቀበሌ የሰጠው ደብዳቤ፣ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ የሄደ ክብ ማኅተም፣ ፈራሚው ከነማዕረጉ የተጻፈበት ቲተር። በ«ክራምብስ» ፊልም ውስጥ ከጠፋው ዓለም የተረፈ ተራ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ዕቃ በሱቅ ይገመታል፤ የእማማ ፌስታል ያ ሱቅ ቢገባ ባለ ሱቁ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ግን አንዱን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃን አየና፣

«እማማ፣ እኚህ ሰውዬ ተዛውረዋል» አላቸው።

«ሲፈርሙ እኮ አልተዛወሩም ነበር።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን አሁን ያሉት መፈረማቸውን ያረጋግጡልን።»

«አሁን ያሉት የት ናቸው?»

በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው ባለጉዳይ አንዱን ደብዳቤ በሦስት ኮፒ ያስፈርማል፤ አንዱን ለሚፈልገው መሥሪያ ቤት፣ አንዱን መዝገብ ቤት ለሚጠፋው፣ አንዱን ደግሞ ለሚመጣው ተተኪ «ይኸው፣ እሳቸው ፈርመውልኝ ነበር» ብሎ ለማሳየት። ሦስተኛውን አይቶ የተደነቀ ተተኪ እስካሁን አልተገኘም።