ሳያስቡት ሰብሳቢ መሆን፦ በፋሽጋ ወሰን ስለሚካሄደው የገንዘብ ዐውደ ርዕይ የቀረበ ጥናት

በፈረንጅ አገር የሳንቲም ዐውደ ርዕይ የሚባል ነገር አለ። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ጠረጴዛ ይደረድራሉ፣ ሰብሳቢው አጉሊ መነጽርና የዋጋ ካታሎግ ይዞ ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምክርም የታወቀ ነው፦ ሳንቲሙን በጠርዙ ያዝ፣ አትወልውለው፣ አትቸኩል። ይህ ጥናት የሚመለከተው ግን መግቢያ የማይከፈልበትንና ድንበሩ ሲዘጋ እንኳ የማይዘጋውን ሌላውን ዐውደ ርዕይ ነው። ቦታው ከኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻግሮ የሱዳኗ ገላባት፣ ከዚያ በዶቃ አድርጎ እስከ ገዳሪፍ ነው፤ ወደ ሰሜን ደግሞ በአትባራና በተከዜ መካከል ያለው የፋሽጋ ጥቁር አፈር ይጠቃለላል። ጎብኚው በአብዛኛው ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ የጉልበት ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ ነው። ሰብሳቢ መሆኑን አያውቅም፤ ጥናቱን አስፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው።

የጥናቱ መላምት እንዲህ ይላል፦ ገንዘብ ቅርስ የሚሆንበት ፍጥነት ገንዘቡ ለድንበር ባለው ቅርበት ይወሰናል። ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ያስመታው ወርቅ ሙዚየም እስኪገባ ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቋል። ፋሽጋ ዳር ግን ይኸው ሥራ በአንድ የዜና እወጃና በጥቂት ሳምንታት ይጠናቀቃል።

ለዚህ ሕግ አንዲት እምቢተኛ ተገኝታለች፤ ማርያ ቴሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። መልኳ ያለባት ጠገራ ብር ግን ንግሥቲቱ የሞተችበትን ዓመት እንደያዘች እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ መመታቷን አላቋረጠችም። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ መምቻውን ከቪየና ተረክቦ ሮም ላይ ያስመታት ጀመር፤ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ ላይ ቀጠሉ። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከዶቃ ተነሥተው ወደ ጎጃም አርበኞች ሲሻገሩ ጠገራ ይዘው ነበር፤ ከወዲያ በኩል ጣሊያንም በዚያችው ሴትዮ መልክ ይከፍል ነበር። ሁለት ባላንጣ መንግሥታትን በአንድ ጊዜ ያገለገለች ሟች ሠራተኛ ከእሷ ሌላ አትታወቅም፤ የጡረታ ጉዳይዋን ያየላት ግን የለም።

ያልሞተችበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ከ28 ግራም ክብደቷ 23ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ዋጋዋን ይዛው ትዞራለች፣ የማንም ባንክ ፊርማ አያስፈልጋትም። ችግሩ የዘመን አወሳሰን ነው። የአገሬው ባለሙያ ዓመቱን አይቶ አያምንም። ጠገራዋን ከዓይኑ ያስጠጋና ትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ መርፌ በአውራ ጣት ጥፍሩ እየነካ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ካልሞሉ ይመልሳታል። ከሞሉ ወደ ዘውዷ ይወጣል። ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። በርሊን በሚገኝ የዐውደ ርዕይ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው በዘበኛ ይወጣል። ስለ አያያዝም ስምምነት የለም፦ ካታሎጉ የተበሳችና የተወለወለች ጠገራ ዋጋዋ ወድቋል ሲል፣ አያቶቻችን ደግሞ በስተው፣ በአመድና በሎሚ አብርተው፣ ሙሽራ አንገት ላይ ሲያዩዋት ነው ዋጋ አወጣች የሚሉት። አጥኚው በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም፤ ሚስት አለችው።

ተቃራኒው ምሳሌም ሩቅ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት ጦርነት የድርቡሾች ጌታ የነበረው ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማን ላይ የራሱን ሪያል ያስመታ ነበር። የፊተኞቹ ደኅና ብር ናቸው። እያደር መዳቡ እየገባ፣ ብሩ እየወጣ ሄደና በመጨረሻ የቀረው ብር አይቶ የሚያውቅ መዳብ ነው። ነጋዴው ይቀበል የነበረው ቅጣት ፈርቶ ነው። የዛሬ ሰብሳቢዎች ግን ያንኑ መዳብ በየዓመተ ሂጅራው ለይተው፣ ወደው፣ ከፍለው ይገዙታል። ሳይንሱ ይህን እድገት ይለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ሰው ይበልጥ የሚቸገረው በቆጠራ ነው። ሱዳን በ1992 እ.ኤ.አ. አሥሩን ፓውንድ በአንድ ዲናር ለወጠች። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ መቶውን ዲናር በአንድ አዲስ ፓውንድ መለሰች። ማዕከላዊ ባንኩ ሁለት ጊዜ ዜሮ ቆረጠ፤ ሕዝቡ አንድም ጊዜ አልቆረጠም። አዲሱ ፓውንድ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ሻይ ሻጯ «አልፍ» ስትል፣ ሺህ ማለቷ ሳይሆን አንድ ማለቷ ነበር። እንግዳው ሺህ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ እሷ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። ከዚያ የዋጋ ንረቱ መጣ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከ400 በመቶ አለፈ። ቀስ በቀስም ሺህ ማለት በእርግጥ ሺህ ሆነ። ሻይ ሻጮቹ ተሳስተው አልነበረም፤ ቀድመው ደርሰው ነበር።

አሁን ወደ ዐውደ ርዕዩ ዋና አዳራሽ እንግባ። መስከረም 4 ቀን 2013 የኢትዮጵያ መንግሥት የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶችን እንደለወጠ፣ የ200 ብር ኖት እንደጨመረ አስታወቀ። አሮጌው ብር የሚመለስበት ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከባንክ ውጭ የተከማቸውና በድንበር የሚወጣው ገንዘብ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ሦስት ወር ብዙ ነው። ፋሽጋ ላይ ግን ያ ወቅት የሰሊጥ አጨዳና የደሞዝ ወቅት ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይም የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፣ ተከትሎም የሱዳን ጦር ወደ ፋሽጋ ገባ። እርሻውን፣ ጎተራውንና ባንክ ወረፋውን በአንድ ወር ውስጥ ያጣ ገበሬ በካታሎግ አነጋገር «ያልተነካ ስብስብ ባለቤት» ይባላል።

ተራው ወደ ማዶ ተሻገረ። ታኅሣሥ 2017 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ሠራዊቱ በያዛቸው ግዛቶች፣ ገዳሪፍን ጨምሮ፣ የ500ና የ1,000 ፓውንድ ኖቶችን መለወጥ ጀመረ። ከሠራዊቱ ጋር ይዋጋ የነበረው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በያዘው በኩል ደግሞ አሮጌው መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ቁጥር ይዞ፣ በጥቂት ኬላ ልዩነት ገንዘብም ቅርስም ሆነ። ይህን ያህል ስኬት የትኛውም የሙዚየም ክፍል የለውም።

የደረጃ አሰጣጥን በተመለከተ፣ የዓለም ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አላቸው። በድንበሩ ያሉት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ይሄዳል፣ አይሄድም። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ወጣት በፕላስተር የተጣበቀ ኖት ለሸመገሉት መንዛሪ ዘርግቶ፣

«አባባ፣ ይሄ ይሄዳል?» ይላል።

ሰውየው ወረቀቱን አያዩትም፤ ልጁን ነው የሚያዩት።

«አንተ ወዴት ነህ፣ ልጄ?»

ካታሎጎቹ እስከ ዛሬ ያልመዘገቡት መለኪያ ይህ ነው። ወደ ገዳሪፍ ከሆነ አንድ ዋጋ፣ ወደ ጎንደር ከሆነ ሌላ፣ ወደ የትም ካልሆነ ደግሞ መንዛሪው ሻይ ይጋብዙታል።

የጥናቱ ውሱንነት ከተሳታፊዎቹ መጠይቅ ይታያል። «ምን ዓይነት ስብስብ ላይ ያተኩራሉ?» ለሚለው ጥያቄ፣ የሰሊጥ ደሞዙን በአሮጌ ኖት ተቀብሎ የተመለሰው ሳሉግ «ዘይትና ስኳር» ብሎ መልሷል። መልሱ በቅጹ ላይ ካሉት አማራጮች ውስጥ ስላልነበረ «ሌላ» በሚለው ሥር ተመዝግቧል።