በሰዓት የምትለኩ ሆይ!

የደራሲው የቶልኪን አንባቢና መጽሐፎቹን ፊልም ያደረገው የፒተር ጃክሰን ተመልካች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ጠቡ የታወቀ ነው። አንዱ «ፊልሙ ተንዛዛ» ይላል፤ ሌላው «መጽሐፉ ተቆራረጠ» ይላል። መጽሐፎቹንም ፊልሞቹንም እየደጋገምኩ የኖርኩ ነኝና፣ ኑ ልግጠማችሁ።

— የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሦስቱ ፊልሞች ሲደመሩ ከ9 ሰዓት በላይ ናቸው! ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

— ከ1,000 ገጽ በላይ ቁጭ ብሎ ያነበበ ያያል። ጃክሰን በሁለት ፊልም ሊሠራው ነበር የተነሳው፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮ ሁሉን በአንድ ፊልም ጠቅልል ሲለው ጥሎ ወጣ፤ ኒው ላይን የተባለው ስቱዲዮ ሦስት አደረገለት። ያኔ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጣላበትም ፊልም አይኖርም ነበር።

— እሺ፣ ቶም ቦምባዲልን ከፊልሙ አውጥተው የት ጣሉት?

— መጽሐፉ ውስጥ፣ ጫካው ውስጥ እየዘፈነ አለ። ታሪኩ የሚዞርበትን ክፉ ቀለበት ጣቱ ላይ አጥልቆ ይስቃል፤ ምንም አይሆንም። ተመልካቹ ቀለበቱን መፍራት ገና ሲጀምር እንዲህ ያለ ሰው ብታመጣበት ፍርሃቱ ይበተናል። አንባቢ ገጹን መልሶ ያሰላስላል፤ ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ የሚገልጠው ገጽ የለውም።

— ከሆቢቱ ቢልቦ ድግስ ቀለበቱን እስከ ወረሰው ፍሮዶ ከአገሩ መውጣት ድረስ ያለውን 17 ዓመትስ? ዋጡት እኮ!

— ዋጡት፤ ምን ጎደለ? የጠንቋዩ የጋንዳልፍ ጭንቀት አለ፤ የፍሮዶ ድንጋጤ አለ። ዓመቱ ሄደ፣ ነገሩ ቀረ።

— አንተ የጃክሰን ጠበቃ ነህ!

— ጠበቃው ብሆን ጦረኛውን ፋራሚርን ባላነሳሁ። መጽሐፉ ላይ ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ የማያነሳ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ፍሮዶን ይዞ ወደ ኦስጊሊያት ከተማ ይጎትተዋል። በኋላ ለቀቀው ትሉኛላችሁ፤ ተመኝቶ የተመለሰና ከመጀመሪያውም እጁን የሰበሰበ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ የሆቢቶቹ አገር ሻየር ነው። መጽሐፉ ላይ አራቱ ሆቢቶች ከዘመቻ ሲመለሱ ዛፋቸው ተቆርጦ፣ ጎረቤታቸው ታስሮ፣ ክፉው ጠንቋይ ሳሩማን አገራቸው ላይ ተሹሞ ያገኙታል። ፊልሙ ላይ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ ቢራቸውን ይጠጣሉ። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 ሶም ግንባር ላይ የተዋጋ፣ የቅርብ ጓደኞቹን ጦርነት የነጠቀው ሰው ነው። ጦርነት የማንንም ደጃፍ እንደማይዘል ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉንም የቋጨው በዚያ እውቀት ነው።

— እንግዲያው ፊልሙ ይርዘም ማለትህ ነዋ!

— ረዘመ እኮ! የመጨረሻው ፊልም የተራዘመው ቅጂ ከ4 ሰዓት በላይ ነው። የሳሩማን ሞት ተጨመረበት፤ እሱም የሞተው በራሱ ግንብ ላይ እንጂ ሻየር አይደለም። ደቂቃው ተጨመረ፤ ታማኝነቱ ግን ባለበት ቀረ።

— ዘ ሆቢትስ? እሱ እንኳ ምንም አልተቆረጠበትም!

— አልተቆረጠበትም፤ ውሃ ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ፣ 300 ገጽ ገደማ የሆነ የልጆች መጽሐፍ ወደ 8 ሰዓት የሚጠጋ ሦስት ፊልም ሆነ። ሁለት ነው ሲባል ቆይቶ የመጀመሪያው ሊወጣ አራት ወር ተኩል ገደማ ሲቀረው ሦስት ነው ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጽሐፉ ውስጥ የሌለች ታውሪዬል የምትባል ኤልፍ ተፈጠረች፤ ከድንክ ጋር ፍቅር ያዛት። ሌጎላስም ባልተጻፈበት ገባ። መጽሐፉ ላይ ቢልቦ ፍጻሜውን ራሱን ስቶ የሚያልፈው ጦርነት የሦስተኛውን ፊልም ትልቅ ድርሻ ወሰደ፤ ቢልቦም በገዛ ታሪኩ እንግዳ ሆነ።

— ከዚያ ሁሉ ሰዓት አንድም የምትወደው የለ?

— አለ! ቢልቦና የቀለበቱ የቀድሞ ባለቤት ጎለም ዋሻ ውስጥ እንቆቅልሽ የሚጠያየቁበት። ረጅም ነው፤ ግን አንድ ደቂቃ አንሱልኝ አልልም። መጨረሻው ላይ ቢልቦ ቀለበቱን አጥልቆ በዓይን አይታይም፣ ሰይፉ እጁ ላይ ነው፣ ጎለም መውጫውን ዘግቶ ቆሟል። ሊገድለው ይችላል፤ አዘነለትና ተወው። ያ ሳይሞት የቀረ ጎለም ነው ከዓመታት በኋላ፣ ፍሮዶ ቀለበቱን መጣል ባቃተው ሰዓት፣ ይዞት እሳት ውስጥ የሚወድቀው። ጃክሰን ይህን ሁሉ ያሳየን የተዋናዩ የማርቲን ፍሪማን ፊት ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆሞ ነው፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

መጽሐፉ እዚያች ቅጽበት ላይ ሙሉ ነው። ሰዓት የያዛችሁ፣ እሷን ለኩልኝ!