ብረት ድስት እንደ መፍትሔ፦ ከዱስ አንጻር የተደረገ ጥናት

የዕለት ችግርን የመፍታት ጥበብ በሁለት ይከፈላል፤ ብረት ድስት ያለው ቤት ጥበብና ብረት ድስት የሌለው ቤት ጥበብ። የመጀመሪያውን በራሴ ማጀት በስፋት አጥንቼዋለሁ። ናሙናው አንድ ድስት ነው፤ ክብደቱ አምስት ኪሎ ገደማ። ወጥ የሠራባቸው ቀናት ከሌላው ግዳጁ ያንሳሉ። ነፋስ የሚያላጋውን በር ይዟል፤ የአይብ ውሃ እንዲጠነፈፍ ተጭኗል፤ ሚስማር መትቷል። አንድ ሌሊት ደግሞ ግቢ ውስጥ ኮቴ ተሰምቶ እጀታውን ተይዞ ወጥቷል። (ባለ ኮቴዋ የጎረቤት ድመት ነበረች፤ ይህ የመሣሪያውን ብቃት አይቀንስም።) የከሰል ካውያም የዚሁ ዘር ነው፤ ሸሚዝ ከመተኮስ በተረፈው ጊዜ በር ሲጠብቅ ያልታየበት ቤት ጥቂት ነው።

በአገራችን የብረታ ብረት ታሪክ ድስት የሚገባውን ቦታ አላገኘም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ እሳት ያስነደዱት ለመድፍ ነው። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ ግን በ1707 እ.ኤ.አ. የብረት ድስትን በአሸዋ ቅርጽ ለማፍሰስ የባለቤትነት መብት አስከብሮ ነበር። ሁለቱ ብረትን ለየትኛው ችግር እንዳጩት ልብ ይሏል።

አንድ ንድፈ ሐሳብ የሚፈተነው ከተወለደበት ማጀት ርቆ ነው። ስለዚህ ድስቱን በሐሳብ ተሸክሜ ጂንካን አልፌ፣ በሐመር ምድር አቋርጬ፣ ኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ወዳለችው የካራ መንደር፣ ወደ ዱስ ወረድኩ። በሐሳብ የተሸከምኩት በምክንያት ነው፤ አምስት ኪሎ በዚያ ሙቀት ንድፈ ሐሳብ አይደለም።

ብረት በዚያ አካባቢ ባዕድ አይደለም። የሐመር ሴት በአንገቷ ታጠልቀዋለች፤ የካራ ሴት ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ሚስማር ትሰካለች። የእኛ ሰው ሚስማር የሚመታበት ድስት ሲፈልግ እዚያ ሚስማሩ ራሱ ጌጥ ሆኖ ጉዳዩ ተዘግቷል። ማሰሮውን በተመለከተ፣ የአሪ ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ሠርተው ጂንካ ገበያ የሚያወጡት ሸክላ አለ። ቢሰበር ገሉ ከመጣበት አፈር ይቀላቀላል፤ የእኔ ድስት ግን ከእኔ በኋላም ውርስ ማጨቃጨቁ አይቀርም።

ሁለገብነትን በተመለከተ ጥናቱ ያልጠበቀው ተፎካካሪ ገጥሞታል። የካራ ወንድ ከእጁ የማይለያት አንዲት በርኩማ አለችው። ሲቀመጥ ወንበር ናት፤ ሲተኛ ትራስ ሆና በሸክላ አፈር የተሠራ የራስ ጌጡን ከመሬት ታድናለች። ድስቴን ለትራስነት ሞክሬዋለሁ። ውጤቱን አንገቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያትመው ሰንብቷል። ቅልም አለ፤ ወተት ይያዝበታል፣ ከቡና ገለባ የተፈላው ይጠጣበታል፤ ዲመካ ገበያ ላይ ደግሞ ግማሹ ቅል የሴቶች ባርኔጣ ሆኖ ፀሐይ ሲከላከል ይታያል። ድንጋይ ቅል ላይ ቢወድቅ ወዮለት ለቅሉ፣ ቅልም ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ወዮለት ለቅሉ እያልን ስንተርት ኖረን፣ ቅሉ በዚያ ሁሉ ወዮታ መካከል ይህን ያህል ሥራ መደረቡን አላየንለትም።

እዚህ ላይ ለድስቴ ጥብቅና መቆም ግድ ሆነብኝ፤ ማስረጃውም ቀልድ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ 407 ሕፃናትን፣ ከየቤቱ አንድ አንድ፣ አሳትፏል። ለገሚሱ ቤት ብረት ድስት፣ ለገሚሱ አሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። ከዓመት በኋላ የብረት ድስት ልጆች ሄሞግሎቢን የጨመረው በአሉሚኒየሙ ቤት ካሉት በ1.3 ግራም በዴሲሊትር በልጦ ተገኘ። ብረቱ ከድስቱ እየሟሟ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃኑ ድስቱን በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል ማለት ነው። አባቶች ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለዋል። ስለ ድስቱ ግን ምንም አላሉም፤ እኔም ክፍተቱን በምሁራዊ ትሕትና እሞላለሁ፤ ድስት ቢለወጥ ወጡ ባይጣፍጥ ደም ይሆናል።

እንግዲህ ብረት ድስት ለዱስ ይመከራል? ከሸክም፣ ከዋጋና ከዝገት በስተቀር እንቅፋት አላገኘሁም። ምጥጥኑን አስልቼ፣ ውሃውን በሐሳብ አፍልቼ፣ ማሽላውን ልጨምር ስል ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ካራዎች ማሽላ የሚዘሩት ኦሞ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ወንዙ እንደ ጥንቱ አይሞላም። ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በዕቅድ ተጽፎ ነበር።

የጥናቱ ወሰን፦ ይህ ጥናት ድስቱን ብቻ ይመለከታል፤ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከአጥኚው የሙያ መስክ ውጭ ነው።