የቲኬቱ ነጋሪት፦ ስለ 90 ፓውንድና ስለ 21 ቀን የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሥዩመ ኮንስታብል፣ ርእሰ ደረሰኝ፣ ዋጋቸው 90 ፓውንድ፣ የንግሥና ዘመናቸው 21 ቀን የሆነው፣ ኮንስታብል የተባለ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቆርጣቸው የቅጣት ወረቀት ክቡር ቲኬት፣ በእንግሊዝና በዌልስ ምድር ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ድምፁን ከፍ ላደረገ ሁሉ፣ ላጠፋውም ላላጠፋውም፣ ይህን አውጀዋል። በአዋጁ ውስጥ ያለው ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር ይነበባል።

መግቢያ

ምስክር መጥራት፣ ዳኛ ማስቀመጥና ማስረጃ መደርደር አድካሚ ሆኖ ስለ ተገኘ፤ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ፎርም ሲሞሉ ከማደር ይልቅ አስፋልት ላይ ቆሞ አንዲት ቅጠል መቅደድ ስለሚቀል፤ ንጹሕ ሰውም ቢሆን ከፍሎ መገላገልን እንደሚመርጥ ስለ ታመነ፤ በ2001 በወጣው የወንጀል ፍትሕና የፖሊስ ሕግ መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

ክቡርነታቸው ከታላቅ ቤት የተወለዱ ናቸው። በ2000 ጁን ማለቂያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ጀርመን አገር፣ ቱቢንገን ከተማ ላይ ንግግር ሲያደርጉ፣ ሰክሮ የሚረብሽ ወሮበላ በፖሊስ ታጅቦ ወደ ኤቲኤም ማሽን ይወሰድና 100 ፓውንዱን እዚያው ይክፈል አሉ። የፖሊስ አለቆች ነገሩን አልወደዱትም። በእኩለ ሌሊት ከሰካራም ጎን ተሰልፎ የሚስጥር ቁጥሩ እስኪታወሰው መጠበቅ ማንን ደስ ይለዋል? ሐሳቡ በቀናት ውስጥ ተነነ። ከንግግሩ ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ የብሌር የ16 ዓመት ልጅ የፈተናውን ማለቅ ሲያከብር አምሽቶ ለንደን ሌስተር አደባባይ ላይ ሰክሮ ተገኘና ተያዘ። ወደ ኤቲኤም የወሰደው ግን አልነበረም፤ በተግሣጽ ታለፈ። ይህ ገጽ ከዜና መዋዕሉ እንዲፋቅ ክቡርነታቸው አዘው ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዙ ዘነጋው።

ኤቲኤሙ ቢቀርም ቲኬቱ ተወለደ። በጥቂት አካባቢዎች ተሞክሮ በ2004 በመላ እንግሊዝና ዌልስ ነገሠ። የላይኛው ተመን ያኔ 80 ፓውንድ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ 90 ሆኗል፤ ለቀለሉት ጥፋቶች 60። በዚያው ዓመት ከ18 ዓመት በታች ያሉት ከግዛቱ ወጥተዋል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ

«ሁከት» ማለት በ1986ቱ የሕዝብ ጸጥታ ሕግ አንቀጽ 5 ሥር የሚወድቅ ነገር ሁሉ ነው፤ ማስፈራራት፣ መዝለፍ ወይም ሥርዓት የለሽ መሆን፣ ይህም ሊሸበር፣ ሊደነግጥ ወይም ሊከፋ የሚችል ሰው በሚሰማበት ወይም በሚያይበት ቦታ ሲፈጸም። «ሊከፋ የሚችል» የሚለው ይሰመርበት። የከፋው ሰው መቅረብ አያስፈልግም፤ ሊከፋው ይችል የነበረ ሰው በአካባቢው ከነበረ ይበቃል። ቤቱ ውስጥ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው የሰደበ ከዚህ አንቀጽ ነጻ ነው፤ ትዳርም የቆመው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ተቀጪ» ማለት ኮንስታብሉ «አጥፍቷል ብዬ ለማመን ምክንያት አለኝ» ያለው ሰው ነው።

«ንጹሕ» ለሚለው ቃል በዚህ አዋጅ ትርጉም አልተሰጠውም።

አንቀጽ 2። ስለ ቤት እንስሳት ክብር

በ2005 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ ተማሪ ፈተና ጨርሶ ከጓደኞቹ ጋር ሲያመሽ በፈረስ የሚዞር ፖሊስ አገኘና፣ «ይቅርታ፣ ፈረስህ ግብረሰዶማዊ መሆኑን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። ፖሊሶቹ አልሳቁም። ተማሪው እስር ቤት አደረ፤ ሲነጋ የዚያን ጊዜዋ የ80 ፓውንድ ወረቀት ተሰጠችው። ንግግሩ መንገደኛን ሊያስከፋ ይችላል ተባለ። ፈረሱ ቃሉን አልሰጠም። ተማሪው አልከፍልም ብሎ ጸና፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ የዘውድ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኒውካስል ላይ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ላብራዶር ውሾችን አይቶ እንደ ውሻ ጮኸባቸው። በዚያው የ1986ቱ ሕግ አንቀጽ 5 ተከሶ ታች ያለው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ ነገሩ የተሰረዘለት በ2007 በይግባኝ ነው። ውሻ ለውሻ ሲጮህ የሚቀጣበት ድንጋጌ እስካሁን ስላልወጣ፣ ክቡርነታቸው ክፍተቱ በቶሎ እንዲሞላ አሳስበዋል።

አንቀጽ 3። ስለ ሁለቱ ቢኖች

የክቡርነታቸው መንግሥት በሁለት ቢኖች ተፈትኗል። አንደኛው ዳኛ ናቸው። ለንደን ሃክኒ ውስጥ ፖሊሶች አንድን ወጣት አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ይሆናል ብለው ፈተሹት፤ ምንም አላገኙም። እሱም እየተፈተሸ ጸያፍ ቃላት ያወርድ ነበር፤ በዚያው ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ። በ2011 ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኛ ቢን ፍርዱን ሻሩት። ነገራቸው ባጭሩ፣ ፖሊስ እነዚያን ቃላት ከልክ በላይ ስለሚሰማቸው፣ መከፋቱ በማስረጃ ሳይታይ ከፍቶታል ተብሎ አይገመትም የሚል ነው። ፖሊስ ጭራሽ አይከፋም ማለት ግን አይደለም፤ በ1988 የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ፖሊስም እንደ ሰው ሊከፋ እንደሚችል፣ ጥያቄው በእያንዳንዱ ጉዳይ የሚመዘን መሆኑን አስቀምጧል። የዳኛው ውሳኔ ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የለንደኑ ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ፖሊስን የሚሳደብ ይታሰር ሲሉ ነበር።

ሁለተኛው ቢን ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚያውቀው ሚስተር ቢን ነው። በፊልሙ ቃል እምብዛም የማይወጣው ሮዋን አትኪንሰን በ2012 ስለ ንግግር ነጻነት ሊናገር ተነሣ፤ «ሰዳቢ» የምትለዋ ቃል ከ1986ቱ ሕግ አንቀጽ 5 እንድትወጣ ከዘመቻው ጋር ቆመ። ቃሏ በ2014 መጀመሪያ ላይ ተነቀለች። «አስፈራሪ» እና «ዘላፊ» በቦታቸው ቀሩ። በሰዳቢና በዘላፊ መካከል ያለውን ድንበር ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ለክቡርነታቸው ከብዷቸው ለሊቃውንት መርተውታል፤ ሊቃውንቱም በነገሩ ተዛልፈው ተለያይተዋል።

አንቀጽ 4። ስለ ውርርድ

ይህ የአዋጁ እምብርት ነው፤ ተቀጪው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣበትም እዚህ ላይ ነው።

ድሮ በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋች በቃሉ ላይ ይወራረድ ነበር፤ አንዱ ማር፣ ሌላው በቅሎ ወይም ፈረስ አገባለሁ እያለ፣ የተረታውም ውርርዱን ይከፍል ነበር። ክቡር ቲኬትም ያንኑ ባህል በተሻሻለ መልክ አምጥተዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚወራረደው አንዱ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ኮንስታብሉ ቢረታ በቅሎ አያጣም።

ተቀጪው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘርግቶ ይደምራል። ከከፈለ 90 ፓውንድ፤ ነገሩም አለቀ። መክፈሉ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ የወንጀል ፍርድም አይባልም። ፍርድ ቤት ሄዶ ከተረታ ግን የ1986ቱ ሕግ አንቀጽ 5 ቅጣት እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ በላዩ ላይ ለተጎጂዎች መርጃ ተብሎ የቅጣቱ 40 በመቶ፣ በዚያ ላይ የዐቃቤ ሕጉ ወጪና ኪሳራ፣ በዚያ ላይ የወንጀል ሪከርድ፣ በዚያ ላይ ከሥራ የቀረበት ቀን። ከረታ ደግሞ ምን ያገኛል? ቀድሞም የራሱ የነበረውን። እንዲህ ዐይነት ሚዛን ገበያ ላይ ይዞ የቆመ ነጋዴ ቢኖር ድንጋዩ ይፈተሽ ይባል ነበር።

ዋጋው በዘፈቀደ የተቆረጠ አይመስልም። ዘጠና ፓውንድ ያማል፤ ግን ጠበቃ ለማማከር ከሚወጣው ያነሰ ነው። ከዚህ የበለጠ ቢሆን ሰው ይሟገት ነበር፤ ከዚህ ያነሰ ቢሆን ይስቅ ነበር። ክቡርነታቸው የነገሡት በዚያች ጠባብ መሐል ነው፤ እዚያ ላይ ጥፋተኛውም ንጹሑም አንድ ዐይነት ካርድ አውጥተው አንድ ዐይነት ደረሰኝ ይቀበላሉ።

ነገር ግን ተቀጪው ታክሲ የሚነዳ፣ ወይም አረጋውያንን የሚንከባከብ ከሆነ (በለንደን ካለው ሐበሻ ስንቱ ከሁለቱ በአንዱ ነው!) ሒሳቡ ይለወጣል። ወረቀቷ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ልትቀመጥ ትችላለች፤ ለእነዚህ ሥራዎች በሚደረገው ጥብቅ የጀርባ ማጣሪያ ላይም፣ ፖሊስ ተገቢ ነው ካለ፣ ከተደበቀችበት ብቅ ልትል ትችላለች። የዜግነት ማመልከቻም ስለ መልካም ጸባይ ይጠይቃል። ያኔ 90 ፓውንዱ ቀብድ እንደ ነበር ይገለጣል።

አንቀጽ 5። የተከለከሉ ተግባራት

ተቀጪው በዚያችው ሌሊት የሆነውን፣ የተባለውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በወረቀት መጻፍ ተከልክሏል። አብረውት የነበሩ ጓደኞቹ ስልካቸው ላይ የቀረጹትን እንዳያጠፉ መለመን አይፈቀድለትም። ኮንስታብሉ ደረት ላይ ካሜራ ተንጠልጥሎ እንደ ነበር ማስታወስ እንደ ማሤር ይቆጠራል። የማዕዘኑ ሱቅ ካሜራ ምስሉን በላዩ ላይ ሳይቀዳበት ባለሱቁን ሄዶ ማነጋገርም እንዲሁ። «አድራጎቴ ምክንያታዊ ነበር» ወይም «የሚሰማ ሰው አለ ብዬ አላሰብሁም» የሚሉት በሕጉ ውስጥ የተጻፉ መከላከያዎች መሆናቸውን ማንበብ በተለይ የተጠላ ነው።

መንገድ መሐል ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ መጮህ ግን ይፈቀዳል። እንዲያውም ይበረታታል፤ ኮንስታብሉ ድምፁን እንደ ተጨማሪ ሁከት ይመዘግበዋል።

ከሁሉ በላይ የተከለከለው በወረቀቷ ላይ ያለችውን «ፍርድ ቤት ይታይልኝ» የምትል ክፍል ሞልቶ መላክ ነው። ምክንያቱም ያች ክፍል በጊዜው ከደረሰች ነገሩ ከኮንስታብሉ እጅ ይወጣል፤ በዚያ ሌሊት እዚያ ያልነበረ፣ ያልተሰደበ፣ ያልበረደውና እንቅልፉን የጠገበ ሌላ ሰው ፋይሉን ይከፍታል። እሱም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ማስረጃው ለማስፈረድ ይበቃል ወይ? ይህን መክሰስ ለሕዝብ ይጠቅማል ወይ? የኦክስፎርዱ ፈረስ ጉዳይ የወደቀው እዚህች ጣቢያ ላይ ነው። ሁሉም ፋይል ይወድቃል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ዳኛ ፊት ይደርሳል፤ ስካሩም ስድቡም በካሜራ ላይ ጎልቶ የሚታይበት ሰው ዘጠናዋን ከፍሎ ቢተኛ ይሻለዋል።

አንቀጽ 6

ወረቀት ስላለቀ ተሰርዟል።

አንቀጽ 7። ስለ ዝምታ

ክቡርነታቸው ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ከቶ «አያለሁ» የሚለውን ነው። ሳይከፍልም ፍርድ ቤት ይታይልኝ ሳይልም 21 ቀን ያለፈበት ሰው ዕዳው አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ፣ 90ው 135 ፓውንድ ይሆንና እንደ ፍርድ ቤት ቅጣት ይመዘገባል። ማንም ዳኛ ሳይሰማው፣ ማንም ምስክር ሳይቆምበት። በበላ ልበልሃ ዘመን ዝም ያለ ተሟጋች በቅሎውን ሲያጣ ቢያንስ የሚሰበሰብ ተመልካች ነበረው።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የኮንስታብሉ እስክሪብቶ ከቅጠሉ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተቀጪው ከከፈለ ክቡርነታቸው በመዝገብ ቤት ያርፋሉ። ዝም ካለ 135 ሆነው በአዲስ ስም ይነግሣሉ። ክፍሏን ሞልቶ በጊዜው ከላከ ግን ከዙፋናቸው ይወርዱና ተጣጥፈው ቢጫ ፋይል ውስጥ ይገባሉ፤ ከላይ የመኪና መስተዋት የሰበረ ሰው ጉዳይ፣ ከሥር የዶሮ ስርቆት ይዘው፣ እንደማንኛውም ተራ ወረቀት ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ማኅተም አለው። ፊርማው ዝናብ ስለ ነካው አይነበብም።